ማንም የማያነሳው ስልክ፦ የድምፅ መልእክት መስመር በኤአርጂ ጨዋታ ውስጥ

ሐዋሳ ላይ ለጨዋታ ፈጣሪዎች፣ ለትያትር ልጆችና ለሶፍትዌር ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ።

እንደምን አመሻችሁ።

ፍቅር ሐይቅ መንገድ ዳር አንድ ወረቀት ተለጥፏል እንበል። «ጀልባዬ ጠፍታብኛለች፤ ያያችሁ ደውሉልኝ» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የደወለ ሰው የሚያገኘው ጀልባ ነጂውን ሳይሆን የተቀዳ ድምፁን ነው። ድምፁ ውስጥ ፍንጭ አለ፤ ፍንጩ ወደ አንድ የቴሌግራም ቻናል ይወስዳል፤ ቻናሉ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ሌላ ቁጥር ደብቋል። ኤአርጂ (የእንግሊዝኛው «አማራጭ እውነታ ጨዋታ» አጭር ስም) የሚባለው የጨዋታ ዓይነት እንዲህ ነው። ታሪኩ አንድ ስክሪን ላይ አይቀመጥም፤ ከተማው ውስጥ ይበተናል፤ ተጫዋቹ ከዕለት ኑሮው ሳይወጣ እየለቀመ ይገጣጥመዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚህ ሁሉ ስለ ስልኩ ብቻ ነው።

ስልክ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከጅምሩ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ፊልም ማስተዋወቂያ ተብሎ በተሠራው፣ ተጫዋቾች «ዘ ቢስት» ብለው በሚጠሩት ጨዋታ፣ የፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ካሉት ፊደሎች ጠርዝ ጥቃቅን ጭረቶች ነበሩ። ጭረቶቹ ሲቆጠሩ ስልክ ቁጥር ሆኑ፤ ሲደወል የተቀዳ መልእክት ተሰማ። በ2004 «አይ ላቭ ቢስ» መንገድ ዳር ያሉ የሕዝብ ስልኮችን ተጠቀመ፤ ተጫዋቹ ቦታውና ሰዓቱ ተሰጥቶት፣ ስልኩ ሲጠራ እዚያ ቆሞ ማንሳት ነበረበት። በ2007 ናይን ኢንች ኔይልስ ለተባለው ባንድ አልበም በተሠራው ጨዋታ ደግሞ ፍላሽ ዲስክ ላይ የተተወ የድምፅ ፋይል ውስጥ ያለው ጫጫታ፣ በኮምፒውተር ወደ ሥዕል ሲቀየር፣ ስልክ ቁጥር ሆኖ ወጣ።

እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ቮይስሜይል፣ ማለትም ባለቤቱ ስልኩን ሳያነሳ ሲቀር ደዋዩ ድምፁን ቀድቶ የሚተውበት አገልግሎት፣ የለመደ ሕዝብ ዘንድ ነው። እኛ ጋ ያ ልማድ የለም። የተቀዳ ድምፅ የሰማ ደዋይ «ስልኩ ዝግ ነው» ሊባል መሆኑን ገምቶ ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይዘጋል። በሌላ በኩል «አንድን ይጫኑ» ሲባል መጫን በደንብ ይታወቃል። በ2014 እ.ኤ.አ. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው 8028 አርሶ አደሩ በራሱ ቋንቋ ቁጥር እየተጫነ የግብርና ምክር የሚሰማበት መስመር ነው፤ 994 ደውሎ ያልጠበቀ ሰውም የለም። ሌላው ልዩነት ገንዘብ ነው። ደዋዩ ከኪሱ ይከፍላል፤ ተማሪ ከሆነ የቀረችው ካርድ ጥቂት ናት። ስለዚህ በዚህ ንግግር ውስጥ የምንሰጠው እያንዳንዱ ምክር የሚመዘነው በአንድ ነገር ነው፦ የደወለ ሰው፣ ምስጢሩን ባይፈታ እንኳ፣ ለከፈለበት ሰከንድ አንድ ነገር ይዞ ይዝጋ።

መጀመሪያ የሚሰማውን እንይ። ለጀልባ ነጂው የሚሆን ጽሑፍ ይኸው፦

«(የቀዘፋ እንጨት ጀልባ ሲመታ፣ ሁለት ጊዜ) እኔ አሁን ውሃ ላይ ነኝ፤ እዚህ ኔትወርክ የለም። ስለ ጀልባዋ ከሆነ ስሙኝ፤ ካርዳችሁን አልጨርስባችሁም። ማክሰኞ ጠዋት አሞራ ገደል አሣ ገበያ ታስራ ነበር። ገመዷ አልተቆረጠም፤ ተፈቷል። ቋጠሮውን የሚያውቅ ሰው ነው የፈታት። ጎኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የምታውቁ ቁጥሩን ተጫኑ። የማታውቁ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ፤ ድምፃችሁ ይቀዳል፤ ድምፁ ሲጮህ ጀምሩ።»

ረጋ ብሎ ሲነበብ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በላይ አታስረዝሙ። ልብ በሉ፦ ሰውየው ለምን እንደማያነሳ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናግሯል። ድምፁ ከኔትወርኩ ማስታወቂያ የተለየ መሆኑን እንጨቱ ቀድሞ አሳውቋል፤ ደዋዩ በዚያች ሰከንድ ነው ለመቆየት የሚወስነው። ሦስተኛ፣ ቁጥሩን የማያውቅ ሰውም የሚሄድበት በር አለው።

አንዳንዶች መልእክቱን «ሃሎ? ሃሎ?» ብለው ይጀምሩና ደዋዩ ሰው ያገኘ መስሎት እንዲያወራ ያደርጋሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ደዋዩ ሲናገር ፍንጩ በላዩ ላይ ያልፋል፤ መታለሉን ሲያውቅ ይናደዳል፤ ደግሞ ለመስማት ሁለተኛ ጊዜ መክፈል አለበት።

አሁን ወደ መሣሪያው። «አሮጌ ስልክ ላይ አፕ ጭነን በራሱ እንዲያነሳና ቅጂውን እንዲያጫውት እናድርግ» የሚለው ሐሳብ በየቡድኑ ይነሣል፤ አይሠራም። አንድሮይድ ተራ አፕ ወደ ጥሪው መስመር ድምፅ እንዲያስገባ አይፈቅድም፤ ከ10ኛው ስሪት ወዲህ ደግሞ ጥሪ መቅዳትንም ዘግቷል። ስልኩን ስፒከር አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን የስልኩ ጫጫታ ማጥፊያ የስፒከሩን ድምፅ ይቆራርጠዋል።

የሚሠራው መንገድ የስልክ ሰርቨር፣ ማለትም ጥሪውን ራሱ አንሥቶ ቅጂውን የሚያጫውት ኮምፒውተር ነው። ለዚህ የሚሆነው አስቴሪስክ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ለትንሽ ጨዋታ ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሮጣል። መስመሩን ግን ከቴሌኮም አቅራቢ በውል መውሰድ አለባችሁ፤ በኢንተርኔት የሚመጣ የድርጅት መስመር ወይም አጭር ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሲም ካርድ ተሰክቶባቸው ጥሪውን ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፉ ጌትዌይ ሳጥኖች ገዝታችሁ አትጀምሩ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መያዝንና መጠቀምን ወንጀል ያደርጋል፤ ሳጥኑ ለጨዋታ መሆኑ ነፃ አያወጣችሁም። ዩኒቨርሲቲ ወይም ሕጋዊ ድርጅት ከኋላችሁ ካለ በእሱ ስም ጠይቁ። አቅሙ ከሌለ ደግሞ ሁለት አማራጭ አለ፤ አንድ ተዋናይ ተራ ስልክ ይዞ፣ ጽሑፉን ፊቱ አድርጎ፣ በቀን ለሁለት ሰዓት ያንሳ፤ አለበለዚያ የቴሌግራም ቦት የድምፅ መልእክት ይላክ። ከሁለቱ ተዋናዩ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ስልኩ ሲጠራ የሚጠበቅባት ጊዜ የለችም፤ ጨዋታው የሚጀምረው ደግሞ እሷ ላይ ነው።

ሰርቨሩን ስታዘጋጁ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ጥሪው ሲገባ ወዲያው አታንሱ፤ ስምንት ሰከንድ ያህል ይጥራ። ውሃ ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አያነሳም፤ ሳይነሳም ደዋዩ አይከፍልም። ከዚያ ይነሳና አንድ ሰከንድ ዝም ይበል። ይህቺ ዝምታ ካልገባች የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ መስመሩ በሁለቱም በኩል ድምፅ ለማስተላለፍ እስኪደላደል ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ከዚያ ቅጂው ይጫወት፤ ሲጫወትም የተጫኑ ቁጥሮችን ይቀበል፤ የሚያውቅ ሰው እስከ መጨረሻ መስማት የለበትም። ካለቀ በኋላ ሰባት ሰከንድ ይጠብቅ። ሦስት ሰከንድ አይበቃም፤ ስማርት ስልክ ጆሮ ላይ ሲሆን ስክሪኑ ይጠፋል፤ ደዋዩ ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ፣ የቁጥር ሰሌዳውን ከፍቶ፣ እስኪጫን ጊዜ ያስፈልገዋል። ብዙ አሃዝ የምትቀበሉ ከሆነ «ሲጨርሱ መሰላልን ይጫኑ» ማለት አትርሱ፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ ሰውየው መጨረሱን የሚያውቀው ጠብቆ ጠብቆ ነው፤ ያ ዝምታም በደዋዩ ካርድ ላይ ይቆጠራል።

የተጫነው ቁጥር እየደረሰ አይመስልም? በአብዛኛው ችግሩ እዚህ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ያወጣል፤ 5 ለምሳሌ 770 እና 1336 ኸርዝ ነው። ድምፁን የሚጨምቅ ኮዴክ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ እነዚህን ድምፆች ያዛባቸዋል። ቁልፎቹ ከድምፁ ተለይተው እንደ ምልክት እንዲላኩ ከአቅራቢው ጋር ተስማሙ፤ በሁለቱም በኩል ያለው አሠራር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ በድምፅ፣ ሌላው በምልክት ከጠበቀ ወይ ምንም አይደርስም ወይ አንዱ 5 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ስለ ድምፅ ጥራት ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ጨዋታው የሚኖረው እዚህ ውስጥ ነውና። ተራው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ቅጂያችሁን በስቱዲዮ ጆሮ ማዳመጫ ሰምታችሁ ብትረኩ ምንም አላያችሁም። በ44100 ወይም በ48000 ኸርዝ የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ቅዱ፤ ከ300 በታችና ከ3400 በላይ ያለውን ራሳችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ የናሙና ፍጥነቱን ወደ 8000 ኸርዝ አውርዳችሁ ወደ ሞኖ፣ 16 ቢት ለውጡ። በዚያው ደረጃ ደግማችሁ ስሙና የማይሰማውን ቃል ቀይሩ፤ ተዋናዩን እንደገና ከመቅዳት ቃሉን መቀየር ይቀላል።

በስልክ ቀድማ የምትጎዳው «ሰ» ናት፤ ጉልበቷ ያለው በአብዛኛው ከ3400 በላይ ነው። ይህ ቁጥር ስታነቡ ችግር ይፈጥራል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሦስቱም በእሷ ይጀምራሉ። የከፋው ግን ሠላሳና ስልሳ ነው፤ መጥፎ ኔትወርክ ላይ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፤ ሰባና ሰባትም እንደዚያው። ስለዚህ ቁጥር በጥንድ አይነበብ። «ዜሮ አርባ ስድስት» ሳይሆን «ዜሮ፣ አራት፣ ስድስት» ይባል፤ በየመሃሉ ግማሽ ሰከንድ፤ መላው ቁጥር ሁለት ጊዜ። ተዋናዩ «ይህ ተፈጥሯዊ አይደለም» ይላል። ቁጥር ሲያስይዙ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያነቡት፤ ገጸ ባሕሪው ደዋዩ ብዕር እስኪፈልግ የሚጠብቅ ሰው ይሁን።

የሐይቁን ድምፅ ከጀርባ ለማስገባት የሚፈልግ ብዙ ነው። የማያቋርጥ የማዕበል ወይም የዝናብ ድምፅ ሞባይል ኔትወርክ ላይ ይታኘካል፤ ኮዴኩ ንግግር አድርጎ ሊገነዘበው ሲሞክር እንደ ጉርምርምታ ያወጣዋል፤ የተዋናዩንም ድምፅ አብሮ ያበላሻል። የሚያልፉት አጭርና የተቆራረጡ ድምፆች ናቸው፦ የቀዘፋ ምት፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ አሣ ሲከተፍ የቢላዋው ምት። እነሱም በተዋናዩ ዝምታ መሃል ይግቡ፤ በንግግሩ ላይ አይደረቡ። አሞራ ገደል መሆኑን ለማሳወቅ ሁለት የቢላዋ ምትና የአንድ ሻጭ ጥሪ ይበቃሉ።

የ2007ቱን የጫጫታ ሥዕል በስልክ መስመር ለመድገም አትሞክሩ። ያ የሠራው ተጫዋቹ ፋይሉን ራሱን ስለያዘ ነው። በጥሪ ውስጥ ሥዕሉ ይፈርሳል። በስልክ የሚያልፍ ስውር ምልክት ካስፈለጋችሁ የሚቆጠር ነገር ተጠቀሙ፤ ቀዘፋው ስንት ጊዜ መታ፣ ውሻው ስንት ጊዜ ጮኸ። መልእክቱ ሲያልቅ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ትታችሁ በሁለቱም ኔትወርክ (በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም)፣ በርካሽ ባለቁልፍ ስልክ፣ ፒያሳ ገብርኤል አደባባይ ባጃጅ መሃል ቆማችሁ ደውሉና ስሙት። እዚያ ከተሰማ የትም ይሰማል።

የሰዓት ነገር ሰርቨር ለሚያዘጋጅ ሐበሻ ወጥመድ ነው። ጀልባ ነጂው «ማታ ሦስት ሰዓት ደውሉ» ካለ ሰርቨሩ ላይ የሚገባው 21፡00 ነው፤ 3፡00 ብላችሁ ካስገባችሁ መስመሩ የሚከፈተው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ቀኑም እንደዚያው፦ «ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት» ስንል ሰርቨሩ ረቡዕ 1፡00 ይለዋል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የሚከፈት መስመር ካላችሁ በጽሑፉ ውስጥ የቀኑን ስም ባትጠሩ ይሻላል፤ «ዛሬ ሌሊት» ይበቃል።

ሁሉም አንዴ ሲደውልስ? ፍንጩን ቴሌግራም ላይ ከለቀቃችሁ 60 ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊደውል ይችላል። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ከቆየ ይህ 9 ኤርላንግ ጭነት ነው፣ ማለትም በአማካይ ዘጠኝ ጥሪ በአንድ ጊዜ መስመር ላይ ይሆናል፤ ከመቶ ሁለት ጥሪ ብቻ እንዲመለስ 15 መስመር ያስፈልጋል። የቆይታውን ጊዜ ወደ 45 ሰከንድ ካወረዳችሁት 10 መስመር ይበቃል። ጽሑፉን ማሳጠር መስመር ከመግዛት ይረክሳል። አንድ መስመር ብቻ ካላችሁ ፍንጩን በአንድ ሰዓት አትልቀቁ፤ ለየቡድኑ በተለያየ ቀን ይድረስ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን ሞደሙንና ራውተሩንም ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ ናቸው።

ከጩኸቱ በኋላ ያለው ክፍል ለብቻው ዕቅድ ይፈልጋል። ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ቅጂ ሰርቨሩ እንዲጥለው አድርጉ፤ ከ45 ሰከንድ በላይም አይቀበል፤ አምስት ሰከንድ ዝም ከተባለ ይዝጋ። በ8000 ኸርዝ፣ 16 ቢት የተቀዳ አንድ ደቂቃ 960 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ ቦታ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሰሚ ነው። አማርኛና ሲዳምኛ የተቀላቀለበትን የስልክ ድምፅ ማሽን አንብቦ ትክክል ነው ወይም አይደለም እንዲል አትተማመኑበት፤ መልስ የሚፈተነው በቁልፍ ይሁን፤ ድምፅ ደግሞ ለሰው ይተው። ሁለት ሰው ተራ ይዞ በየቀኑ ይስማ፤ ከየቅጂው አንድ ቃል መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ በገጸ ባሕሪው ስም አጭር መልእክት ይላክ። «ያየሻት ጀልባ ቀይ ናት ወይስ ሰማያዊ?» የሚል መልስ የደረሳት ልጅ ጨዋታውን አትተወውም። በግዕዝ ፊደል አንድ አጭር መልእክት 70 ፊደል ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ በሁለት ይቆጠራል።

ካርድ ለሌለው ተጫዋችም በር ክፈቱ። ሚስኮል ያደረገን ቁጥር ሰርቨሩ ሳያነሳ ይመዘግበዋል፤ ማታ ተዋናዩ መልሶ ይደውላል ወይም መልእክት ይልካል። ወጪው የእናንተ ነው፤ ለዚህ ከበጀቱ ላይ አስቀድማችሁ ያዙ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን፦ ቁጥሩ ራሱ። በሰሜን አሜሪካ ለልብ ወለድ ተብለው የተተዉ ቁጥሮች አሉ፤ ከ555-0100 እስከ 555-0199። እኛ ጋ በእንዲህ ዓይነት ነገር ተመክታችሁ የመጣላችሁን ቁጥር አትጻፉ። ተጫዋቹ እንቆቅልሹን በአንድ አሃዝ ቢሳሳት የሚደውለው ሌሊት ላይ ለማያውቀው ሰው ነው፤ ያ ሰው እናት ልትሆን ትችላለች፣ ታማሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንቆቅልሹ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ማረጋገጫውንም ይስጥ። ቀላሉ ይህ ነው፦ ከአስሩ አሃዝ የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ እያላችሁ እስከ 10 አባዙ፤ ደምሩ፤ ለ11 አካፍሉና ቀሪውን ጀልባዋ ጎን ላይ ጻፉት። ተጫዋቹ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ወይም ሁለት ጎረቤት አሃዞችን ቢያቀያይር ቀሪው አይገጥምም። ተራ ድምር ግን መቀያየርን አይዝም። በ046 የሚጀምር ቁጥር ደግሞ ደቡብ መሆኑን በራሱ ስለሚናገር ተጫዋቹ የሚፈልገው ቀሪውን ሰባት ብቻ ይሆናል።

የስልክ አጭበርባሪ በበዛበት ጊዜ እንግዳ ቁጥር እንዲደወል መጠየቅ ኃላፊነት አለው። መስመራችሁ በምንም ሁኔታ የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥር አይጠይቅ፤ ለቀልድም ቢሆን። እንቆቅልሹ አራት አሃዝ የሚያስገባ ከሆነ ሦስት ወይም አምስት አድርጉት፤ ሰው ልማድ ሆኖበት የራሱን ምስጢር ቁጥር እንዳይጫን። ፖሊስ፣ አምቡላንስ ወይም ባንክ የሚመስል ገጸ ባሕሪ አይኑር። «ሰው ሐይቅ ውስጥ ወደቀ» የሚል መልእክት ከነቦታው ስም አይቀዳ፤ ጨዋታ መሆኑን ያልሰማ አንድ ደዋይ ጀልባ ያስነሳል። ጀልባዋ እንጂ ሰው አይጥፋ። ወረቀቱ ግርጌም በትንሹ «ይህ ጨዋታ ነው» የሚል መስመርና የአዘጋጁ ትክክለኛ አድራሻ ይኑር፤ ምስጢሩን አይገድለውም።

የሰው ድምፅ ስትቀዱ የግል መረጃ ትይዛላችሁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ከጩኸቱ በፊት ድምፁ እንደሚቀዳ ይነገር። ቅጂውን ለሌሎች ማሰማት ከፈለጋችሁ ባለቤቱን ለብቻው ጠይቁ፤ የአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ድምፅ ጭራሽ አታሰሙ።

ጨዋታው ሲያልቅ መስመሩን በዚያው ቀን አትዝጉት። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይቀራል፤ የተለቀቀ ቁጥር ደግሞ ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል፤ ያ ሰው ስለ ጀልባ ሲጠየቅ ሊከርም ነው። ቢያንስ ለስድስት ወር ቁጥሩን ያዙት፤ ቅጂውን በአሥር ሰከንድ መልእክት ቀይሩት፦ «ጀልባዋ ተገኝታለች፤ ጨዋታው አልቋል፤ እናመሰግናለን።» ወረቀቶቹን ዞራችሁ ንቀሉ፤ የተለጠፈበትን ቦታ ሁሉ ስትለጥፉ ካልመዘገባችሁ አታገኙትም። የደዋዮችን ቅጂና የስልክ ቁጥር ዝርዝር አጥፉ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሰሚዎቹ ወደ ስልካቸው የገለበጡትንም ጭምር።